ሹም የሌለው ጓሮ

አንዲት አገር ነበረች። ስሟን የማንነግራችሁ ለመደበቅ ፈልገን አይደለም፤ ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ስሟም ስለሚለወጥ የትኛውን እንደምንጠራ ግራ ገብቶን ነው። ሰዎቿ ግን አይለወጡም። ፊት ይወዳሉ፤ የቤት ፊት፣ የመንገድ ፊት፣ የሰው ፊት። በፊት በኩል ፊታውራሪ ነበራቸው። በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች፣ በደጅም ደጃዝማች ነበራቸው። ለኋላ ግን ሹም አልነበራቸውም። በዚያች አገር ሕግ ሹም የሌለው ነገር የለም ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ፊት፣ ቀኝና ግራ ነበረው። ኋላ አልነበረውም።

መርማሪ ቤት ሊያይ ሲመጣ በፊት በኩል ይገባል፤ ሣሩን ያያል፤ በቀኝ እስከ ማዕዘኑ ሄዶ ይመለሳል፤ በግራም እንዲሁ። ማዕዘኑን አይዞርም። አንድ ጀማሪ መርማሪ ዶሮ ሲያባርር ሳያስበው ዞረ ይባላል። ሲመለስ «ምን አየህ?» ቢሉት «ምንም» አለ። ከኪሱ ግን ቃሪያ ወደቀ።

ፊት ለፊት ያለው ሣር የሹም ሣር ይባል ነበር። አይረገጥም፣ አይታጨድም፣ ከብት አይቀምሰውም። ማለዳ ማለዳ ባለቤቱ ማጠጫ ይዞ በላዩ ያጎነብሳል። ውሃ የሚመጣው በዓመት በዓል ዋዜማ ብቻ ስለነበር ማጠጫው ባዶ ነው። ሥርዓቱ እንዳይጓደል ግን ለየሰፈሩ ዋሽንት ነፊ ተመድቦ የውሃ ድምፅ ያሰማል። ሣሩ ሲደርቅ ሊቀ ልምላሜ የሚባለው ሹም ባልዲና ብሩሽ ይዞ ይመጣና አረንጓዴ ይቀባዋል። አበባው ጨርቅ ነው። ዝናብ የጣለ እንደሆነ ቀለሙ ታጥቦ ወደ መንገዱ ይወርድና መንገዱ ይለመልማል።

የዚያች አገር አዋጅ ነጋሪ ባሻ ወሰንየለህ ይባል ነበር። ባሻ ወሰንየለህ በአንድ ነገር ይኮራል። «ያላየሁትን አልናገርም» ይላል። በየዓመቱ በፊት በዓል ከአደባባዩ ጉብታ ላይ ወጥቶ «ከፊት እስከ ፊት ለምለም ነው!» ብሎ ያውጃል። ይህም እውነት ነው፤ አረንጓዴ መሆኑን በዓይኑ አይቷል። በምን አረንጓዴ እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም፤ ካልጠየቁት ደግሞ አይመልስም። ራሱን የሚያደንቀው በዚህ ጥንቃቄው ነበር።

አንድ ዓመት ከበዓሉ ማግስት ድምፁ ተዘጋ። ጎረቤቱ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ልጇ ሞቶባት የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ሲያስል ሰማችው።

«ባሻ፣ ድምፅህ እንደ ተሰነጠቀ ጋን ሆነ እኮ።»

«ብርድ ነው፣ እትዬ።»

«ብርድ! ለምለም ነው ለምለም ነው ስትል የዋጥከው ቀለም ነው እንጂ። እንካ ዳማከሴ። ቅጠሉን አሽተህ ጨምቀህ ጠጣው፤ ግንዱን ትከለው።»

«የት ልትከለው?»

«የትም ባልሆነ ቦታ ነዋ!» አለችና በእጇ ማዕዘኑን አሳየችው።

ባሻ ጠጣ፤ ጉሮሮው ተከፈተለት። ግንዱንም ከቤቱ ወዲያ ማዶ ተከለው። እስከዚያን ቀን እጣቢ ለመድፋት እንኳ ወደዚያ ሄዶ አያውቅም፤ እሱን የምትሠራው ሚስቱ ውድነሽ ነበረች። ዳማከሴው ሲያቆጠቁጥ ባየ ጊዜ አንድ ነገር ደረሰበት። ለዚህ ነገር በቂ ስም አልተገኘም። በማለዳ ተነስቶ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ያችን ቅጠል አይቶ መመለስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ጠፋ። በሶብላ ዘራ፤ እጁን እያሸተተ በመንገድ ይሄዳል። ጤና አዳም ተከለ። ነጭ ሽንኩርቱን ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተከለው፤ ሽንኩርቱ ከእሱ የተሻለ አእምሮ ስለነበረው ታጥፎ መንገዱን አገኘ። ጎመኑን በቀትር ፀሐይ በእጣቢ አጠጥቶ አጠወለገው። ጽጌረዳዋን ከእትዬ ማንጠግቦሽ ቅርንጫፍ ተቀብሎ ተከላት፤ ወጋችው፤ ቁስሉን ለሰው ሁሉ እያሳየ ሰነበተ። እርጥብ አፈር ከጥፍሩ ሥር ሲገባ ግን ምንም የማይቆጨው ሰው ይሆናል። በሕይወቱ ብዙ ነገር አውጇል፤ አውጆት የበቀለ ነገር ግን አልነበረም። እዚህ ሳይታወጅ ይበቅላል።

ያቃተው ካሮቱ ነበር። ካሮት ከመሬት በታች ነው የሚሠራው። ባሻ ደግሞ ያላየውን አያምንም። ስለዚህ ቅጠሉ ብቅ ካለ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ይነቅለዋል፤ ወፍሮ እንደሆነ ያያል፤ መልሶ ይተክለዋል። ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ከረመች።

«አንተ ሰው» አለችው በመጨረሻ፣ «እናትህ በየማለዳው እያወጣች ብታይህ ኖሮ ትወለድ ነበር?»

«ማረጋገጥ ነው እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?»

«አረጋግጥ። ወጡን ግን ያለ ካሮት እሠራለሁ።»

በዚያ ጓሮ ካማረው ሁሉ በላይ ያማረው ቲማቲም ነበር። እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቶ፣ ቅጠሉን ሲነኩት ሽታው እጅ ላይ የሚውል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ዘሩን የጣለችው ውድነሽ ናት፤ ያጠጣው እጣቢ ነው፤ ያበሰለው ፀሐይ ነው። የባሻ ድርሻ ቆሞ ማየት ነበር። ይህንን በትጋት ፈጽሟል። «ቲማቲሜ» ይለው ነበር።

የፊት በዓል ደረሰ። እንደ ልማዱ የምድሪቱ በረከት በትልቅ ገበታ ተደርጎ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ ሁሉ ከሰም የተሠራ ነው። ሥርዓቱ ንጉሡ አይተው ራሳቸውን እንዲነቀንቁ ነው። በዚያ ዓመት ግን ንጉሡ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረጉ። ከቲማቲሙ አንዱን አንስተው አሸተቱት።

«አይሸትም» አሉ።

የበዓሉ አለቃ ፊታውራሪ አሰጋኸኝ ጎንበስ አለ። «ሲያዩት ነው የሚያምረው፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ይህ ሰሙ ከሆነ ወርቁ ወዴት ነው?»

ሹማምንቱ መሬት መሬት አዩ። ባሻ ወሰንየለህ ከጉብታው ላይ ቆሞ ነበር። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ካልጠየቁት አለመናገርን ዕድሜውን ሙሉ ተክኖበታል። ነገር ግን አንድ ቲማቲም ያበቀለ ሰው ስለ ቲማቲም ሲወራ ዝም ያለበት አገር እስካሁን አልተገኘም።

«ንጉሥ ሆይ፣ የእኔ ይሸታል» አለ።

«የት ያለው?»

«ጓሮዬ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዋሽንት ነፊው እንኳ ትንፋሹ ቆመ። ፊታውራሪ አሰጋኸኝ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «ይህ ሰው ምን አለ? ጓሮ የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ!» አለ። ባሻ በአጠገቡ ስለነበር ከፊታውራሪው ኩታ ትኩስ የጤና አዳም ሽታ መጣበት። ይህን ግን አልተናገረም፤ የተጠየቀው ስለ ራሱ ጓሮ ነበር።

ንጉሡ የሰሙን ቲማቲም አስቀመጡት። «በአገሬ ሹም የሌለው መሬት አለ ማለት ነው?»

ሹማምንቱ ወደ ባሻ ጠቆሙ።

«እንግዲያውስ ይሾምበት። ያገኘው ይሾም።»

ባሻ ወሰንየለህ እሰቀላለሁ ብሎ አንገቱን ሲዳስስ ካባ አለበሱት። ጓሮ አዝማች ተባለ፤ ሹመቱ የሚጸናው ግን ቀን ተቆርጦ አዋጁ ሲነበብ ነው። ሕጉም ወዲያው ተነበበ። ሹም ያለው መሬት ሁሉ የሹም ሣር ይለብሳል፤ የጨርቅ አበባ ይተከልበታል፤ የሚበላ ነገር አይገኝበትም። የሹመቱ ቀን አዋጁ በጓሮ አዝማቹ ጓሮ ተነቦ ሲያበቃ ዶማ ያዦች በየቤቱ ይገባሉ። የበቀለው ይነቀላል።

ወሬው ከባሻ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። እትዬ ማንጠግቦሽ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ሳይሆን በደጅ ቆማ ጠበቀችው።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ጓሮ አዝማች!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የተጠየቅሁትን ነው…»

«ካባህ ያምራል። በልጆቼ ወጥ ተገዝቶ ነው የተሰፋው፤ እንዴት አያምር?» ድምፅዋ እዚህ ላይ ሰለለ። «ጎመኑ ነው የሚያበላን፣ ባሻ። ታውቃለህ። ነገ ሣር ቀቅዬ ላብላቸው?»

ባሻ ወደ ቤት ሲገባ ውድነሽ ቀና ብላም አላየችው።

«ጎመን በጤና ሲባል ሰምተህ አታውቅም?» አለችው። «ጎመኑም ነበረን። ጤናውም ነበረን። አንተ አዋጅ ጨመርክበት።»

ባሻ ካባውን እንደለበሰ ወጥቶ ከቲማቲሙ አጠገብ ተቀመጠ። ማዘኑን ለመግለጽ ይሁን ከልማድ አንድ ካሮት ነቀለ፤ አይቶ መለሰው።

ከሹመቱ በፊት የሥርዓት ልምምድ በግቢ ተደረገ። የሥርዓቱ ሹም እንዲህ ሲል አስረዳ፦ «ጓሮ አዝማቹ በጓሮው መካከል ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይቆማል።»

ባሻ እጁን አነሳ። በዚህ ጊዜ ምንም ተንኮል አላሰበም፤ ተንኮል ማሰብ ቢችል ኖሮ መጀመሪያውኑ አፉን ይይዝ ነበር። ልክ ያልሆነ ነገር ስለሚያሳክከው ብቻ ነው የጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ከጓሮ ሲቆሙ ፊት በየት በኩል ነው? ወደ ቤቱ ልዙር ወይስ ወደ አጥሩ?»

 የሕግ አዋቂዎች ተጠሩ። አንዱ አዋቂ «ሹም የቆመበት ሁሉ ፊት ነው፤ ሕጉ ግልጽ ነው» አለ። ሁለተኛው «እንዲያ ከሆነ ቤቱ ሁለት ፊት ሊኖረው ነው። ባለ ሁለት ፊት ደግሞ ከዳተኛ ነው፤ ይህም ግልጽ ነው» አለ። አገሪቱ በሙሉ በአንድ ቀን ከዳተኛ ልትሆን ሆነ። ቀኛዝማቹ ተነሳ፤ «ፊቱ ከዞረ የእኔ ቀኝ ግራ ሊሆን ነው! በስተርጅና ግራዝማች ልባል?» አለ። ግራዝማቹ «ምን አለበት፣ እኔ ስንት ዘመን ችዬው የለ?» ሲለው በካባቸው ተያያዙ። ፊታውራሪ አሰጋኸኝ ብቻ ተረጋግቶ «ንጉሡ የሚያዩበት ወገን ፊት ነው፤ እኔም እዚያ ነኝ» አለ።

ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ሁሉንም ሰሙ።

«ሹመቱ አዲስ ነው፤ አዲሱን እናያለን» አሉ። «ከሹመቱ ቀን ጀምሮ የአገሩ ፊት በጓሮ በኩል ይሁን። ቤት አንድ ፊት ይበቃዋል።»

ሁሉም እጅ ነሱ። ባሻ ግን አሁንም አሳከከው።

«የመንገዱ ወገንስ፣ ንጉሥ ሆይ? እሱ ምን ይባላል?»

«ፊት አይደለም» አለ አንዱ አዋቂ።

«ሹምም የለው» አለ ሁለተኛው።

ሁለቱ ተያዩ። ንጉሡ ፂማቸውን ዳሰሱ። ፈገግ ብለው እንደሆነ ከባሻ መቆሚያ አይታይም ነበር፤ ስለዚህ አልተመዘገበም።

«እንግዲያው የለም» አሉ ንጉሡ።

ባሻ ቤቱ ገብቶ የተባለውን አንድ ቃል ሳይጨምር ለውድነሽ ነገራት። ውድነሽ ሰማች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ መቀነቷን ይዛ ሳቀች።

«ምን ያስቃል?»

«አንተ ሰው፣ ምን እንዳስፈረድክ አልገባህም እንዴ?» ብላው ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሄደች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። ለባሻ የገባው ራቱ በዘገየ ጊዜ ነው።

የሹመቱ ቀን ሹማምንቱ በሙሉ በባሻ ጓሮ ተሰበሰቡ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር። አዋጁ «ተሹሟል» የሚለው የመጨረሻ ቃሉ እስኪነበብ ድረስ ጓሮ ገና የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ ማየት ወንጀል ነው። ስለዚህ ሹማምንቱ ማዕዘኑን የዞሩት ፊታቸውን በኩታ ሸፍነው፣ እየተጓተቱ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይዞ ነበር። ቀኛዝማቹ ጽጌረዳዋ ላይ ተቀመጠ፤ የሌለ ነገር ስለወጋው መጮህ አልቻለም። ዶማ ያዦቹም ዓይናቸውን ጨፍነው በአጥሩ ሥር ተደረደሩ።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኑን እንዲገልጥ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንባቢው።

ባሻ ወሰንየለህ አዋጁን ዘረጋ። ወደ ማዕዘኑ አየ። ውድነሽና እትዬ ማንጠግቦሽ ከነቅርጫታቸው ቆመዋል። ከእነሱ ወዲያ፣ በየአጥሩ፣ የሰፈሩ ሰው መቆፈር ጀምሯል።

አነበበ። እንደዚያ ቀን ያለ ንባብ በአገሪቱ ተሰምቶ አያውቅም። የንጉሡን ማዕረግ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ከነቅድመ አያታቸው ጠራ። የአያቶቹን አያቶች ጨመረ። የወንዞቹን ስም ጠራ፤ ወንዞቹ ሲያልቁበት ምንጮቹን ጀመረ። ጎመኑ ከነአፈሩ በቅርጫት ወደ መንገዱ ወገን አለፈ። በሶብላው አለፈ፤ ሽታው ሰፈሩን አጠነው።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለ ፊታውራሪ አሰጋኸኝ ከኩታው ውስጥ።

«የሌለ ነገር ነው፣ ፊታውራሪ» አለ ባሻ። ከዚያ ቃሉ እንዳይቋረጥበት «…በየብስና በባሕርም፣ ባሕር ባይኖረን እንኳ…» ብሎ ቀጠለ።

«ሽታውስ?»

«የእሱ ነው።»

ፊታውራሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በእኔም ቤት በኩል ያለው የሌለ ነገር… ይንኮሻኮሻል?» ሲል ጠየቀ።

ባሻ ቀና ብሎ ከጥቂት አጥር ወዲያ ወዳለው የፊታውራሪው ቤት አሻግሮ አየ። የፊታውራሪው ሚስት ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ትቆፍራለች።

«በደንብ ይንኮሻኮሻል» አለው።

«እንግዲያው አትቸኩል፤ አዋጅ በዝግታ ነው የሚያምረው።»

በመጨረሻ ሁለቱ ሴቶች ቲማቲሙን ከነደጋፊ እንጨቱ እንደ ሙሽራ አቅፈው ይዘውት ሄዱ። ባሻ ድምፁ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ቲማቲሙ ማዕዘኑን ሲዞር አየ፤ የመጨረሻዋ ቅጠል እስክትሰወር ጠበቀ። «ተሹሟል!» አለ።

ሹማምንቱ ኩታቸውን ገለጡ። ባዶ፣ የተቆፋፈረ አፈር። «ዶማ ያዦቹ እንዴት ያሉ ትጉዎች ናቸው!» ብለው አደነቁ። ዶማ ያዦቹም ምስጋናውን ተቀበሉ። ሣሩ ተነጠፈ፤ ሊቀ ልምላሜ ቀባው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት የለም። እዚያ ጎመን አለ። ቃሪያ፣ ድንብላል፣ ጤና አዳም፣ እውነተኛ ጽጌረዳ አለ። መንገደኛ እያሸተተ ያልፋል፤ ሰው ችግኝ ይቀባበላል፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ከደጇ ተቀምጣ የሚያልፈውን ሁሉ ስለ አተካከሉ ትሳደባለች። ቲማቲሙ መጀመሪያ ጠውልጎ ቅጠሉን አራግፎ ነበር፤ ከዚያ አንሰራራ። የመንገዱ ፀሐይ ይሻለዋል።

ጓሮ አዝማች ወሰንየለህ ግን ሹም ነው። ማለዳ ማለዳ ካባውን ለብሶ፣ ባዶ ማጠጫ ይዞ፣ በተቀባው ሣር ላይ ያጎነብሳል። ዋሽንቱ ይነፋል። የአገሩ ሰው ሁሉ በሌለ ቦታ እውነተኛ ነገር ሲያጠጣ፣ በእውነተኛው ቦታ የሌለ ውሃ የሚያፈሰው እሱ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ባየች ቁጥር «ምላሱ የዘራለትን ነው የሚያጭደው» ትላለች።

በዓመቱ የፊት በዓል ተከበረ። ንጉሡ ሣሩን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ባሻ ጠጋ አሉ።

«ጓሮ አዝማች፣ ከቤቱ ወዲያ ማዶ፣ በመንገዱ በኩል ምን አለ?»

ባሻ አፉን ከፈተ። በዚያ ዓመት ቲማቲሙ ቅርንጫፉን እስኪሰብር አፍርቶ ነበር። ቀለሙ፣ ክብደቱ፣ ሽታው ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ያላየውን ተናግሮ አያውቅም፤ ያየውንም ሲጠየቅ ደብቆ አያውቅም። እትዬ ማንጠግቦሽ ከሕዝቡ መካከል ዓይኗን ተክላበታለች።

«ምንም የለም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ።

ንጉሡ አየሩን ሳቡ። «ይሸታል።»

«ምንም ነው የሚሸተው።»

ንጉሡ ወደ ሹማምንቱ አዩ፤ ሹማምንቱ ሣሩን ያያሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው ከእሱ ከምንም ጥቂት ላክልኝ» አሉ። «በጓዳ በኩል።»

ባሻ ላከ። መርጦ፣ ከሁሉም ትልቁን፣ በጎመን ቅጠል ጠቅልሎ ላከ። በነጋታው ከጓዳ ሰው መጥቶ ባዶውን ቅጠል መለሰለት፤ ሌላ ቃል አልነበረም።

ይህን የነገረን ሰው ባሻ አሁን ዝምታ ተምሯል ይላል። ቢሆንም እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈሩ ካሮት የማይወጣለት ቤት አንድ የእሱ ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ ከሌለው መሬት ይነቅለዋል፤ ያየዋል፤ መልሶ ይተክለዋል።

ተረታችንን ለመመለስ ለዳቦ አትቸገሩ። ቃሪያ ካላችሁ ይበቃናል፤ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም።